ሽማግሌ የተላከለት ድምፅ

ዓይን አፋር ሰው ድርጅት ልክፈት ብሎ ሲነሳ አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ስልክ ማን ያነሳል? እኔ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሌላ ሌላውን ነበር፤ አርማው አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ምን ይሆናል፣ በንግድ ፈቃዱ ላይ «ሥራ አስኪያጅ» ተብዬ ስጻፍ እማዬ ለጎረቤት እንዴት አድርጋ ታስረዳለች። ስልክ የሚያነሳ ሰው እንደሚያስፈልግ የገባኝ ስልኩ ሲጮኽ ነው። ሲጮኽ ቁጭ ብዬ አየሁት። እሱም ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ተወኝ።

አሁን ይህን ስነግራችሁ ደፋር የሆንሁ እንዳይመስላችሁ። በጽሑፍ ስለሆነ ነው። ስጽፍ ማንም ፊቴን አያይም፤ የተሳሳትሁትን እሰርዛለሁ፤ መልስ ያለው ሰውም የሚመልስልኝ እኔ ከሄድሁ በኋላ ነው። ከሰው ጋር ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ውል ቢኖር ኖሮ እኔም ወሬኛ በሆንሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ መጀመሪያ የተቀጠርሁት ዳባት፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ ስም ረጅም ነበር፤ ሥራዬ ግን ፕሪንተር ነበር። ወረቀት ሲነክስ አወጣለታለሁ፤ ቀለም ሲያልቅበት እነቀንቅለታለሁ፤ እምቢ ሲል አጥፍቼ አበራዋለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሰው ለምሳ ሲወጣ ስለነበር ፕሪንተሩ በራሱ ጊዜ የሚታመም፣ በራሱ ጊዜ የሚድን መስሏቸው ኖሯል። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ሳስገባ ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አነበቡና ቀና ብለው፣ በትህትና፣ የየትኛው ክፍል ሠራተኛ እንደሆንሁ ጠየቁኝ።

ለመልቀቄ ምክንያቷ ሰሚራ ናት። ሰሚራ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ስትሆን አባቷ ደባርቅ ገበያ ውስጥ እህልና ነጭ ሽንኩርት ይነግዳሉ። በሕይወቴ እኔ ያልተናገርሁትን ሁሉ የተናገረችልኝ እሷ ናት። አንድ ጊዜ ለሠርግ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ሄደን ስንመለስ ያገኘነው መኪና ሲሚንቶ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ነበር። ባዶ የጭነት መኪና በዚያ መንገድ ሰውን ምን እንደሚያደርግ የተሳፈረ ያውቀዋል፤ እንደ ቆሎ ሲያምሰን ዋለ። ሾፌሩ መልካሙ መንገዱን ሙሉ ጭነት አጣሁ እያለ አማረረ። ደባርቅ ስንገባ ደግሞ የሰሚራ አባት፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ መንደር ገበሬዎች ነጭ ሽንኩርታቸውን ከምረው መኪና አጥተው እንደሰነበቱ ነገሩን። ያለፍነው በዚያው መንደር አጠገብ ነበር። ሰሚራ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ድርጅታችን የተመሠረተው ያኔ ነው።

ስሙን «አለሁ» አልነው። ጭነት ያለው ሰው ይደውላል፤ መቅጃው ጢት ሲል ምን እንዳለውና የት እንዳለ ይናገራል፤ ሾፌሩ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ደውሎ በሚሄድበት መንገድ ያለውን ጭነት ይሰማል። በቃ ይኸው ነው። ውድ ስልክ አይፈልግ፣ ኢንተርኔት አይፈልግ፣ ማንበብ አይፈልግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለሰሚራ አልነገርኋትም እንጂ፣ እኔ ስልክ እንዳነሳ አይፈልግም። ቢሯችን አባዬ የድንች ዘር ያስቀምጥበት የነበረው የግቢያችን የፊት ክፍል ሆነ። ዘሩ ወጣ፤ ሽታው ከእኛ ጋር ቀረ። ሥራውንም ተከፋፈልን፤ ሰሚራ ትናገራለች፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ።

ለአንድ መልእክት የሰጠሁት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነበር። ይህን የወሰንሁት በግምት አይደለም፤ ሰዓት ይዤ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ሞክሬዋለሁ። «አምስት ኩንታል ገብስ፣ ከትምህርት ቤቱ ማዶ» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ተርፎ ይመለሳል። የረሳሁት ነገር ቢኖር አገሩን ነው።

የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ሲገቡ እኔና ሰሚራ ትንፋሻችንን ይዘን አደመጥን። «እንዴት ዋላችሁ? ደህና ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቱም ደህና ነው። ዝናቡም ይመስገን፣ አልከፋም። እናንተ ዘንድስ? ብርዱ እንዴት አድርጓችሁ...» ተቋረጠ። ቀጣዩም እንደዚያው። ከበየዳ የደወሉ አንድ እናት ተሽቀዳድመው ሰላምታቸውን ጨርሰው ኖሮ «እንግዲህ የደወልሁት» ሲሉ ተዘጋባቸው። መልካሙ ጥቂት ቀን ታግሦ ቢሯችን ድረስ መጣ።

«እህቶቼ» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «የጃናሞራ ሰው ሁሉ ደህና መሆኑን ከነከብቱ አውቄአለሁ። ጭነቱ የት ነው?»

እኔ ትርፍ ነገር ሲገኝ መቁረጥን ነው የተማርሁት። «እባክዎ ያለ ሰላምታ ጭነትዎንና ቦታዎን ብቻ ይናገሩ» የሚል መግቢያ ጻፍሁ፤ ሰሚራ በዚያ በገበያ ድምፅዋ አነበበችው። በማግሥቱ የገባው መልእክት አንድ ብቻ ነበር። የአንድ አዛውንት ድምፅ ነው፤ ቁጣም የለበትም፣ ማዘን እንጂ። «ሰላምታ የምትከለክለው የማን ልጅ ናት?» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚደውል ጠፋ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያህል የመልእክቱን ጊዜ አረዘምሁት። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ ጊዜ አገኘ። ስለ ላም መንታ መውለድ፣ ስለ ተጓተተ የድንበር ክርክር፣ በቡይት ራስ ሎጅ ስለ ተቀጠረ ልጅ ለአባቱ አለመደወል ሰማን። ጭነቱም ይነገራል፤ ግን ወደ ማለቂያው ላይ ነው። መልካሙ አንድ መልእክት ከመካነ ብርሃን ሲነሳ ከፍቶ ሰምቶ ሳይጨርስ ደባርቅ ገባ። ጭነቱ ከኋላው፣ መንገድ ላይ ቀርቷል። ላሟ መንታ መውለዷ ግን ደስ እንዳሰኘው አልደበቀንም።

መልሱን ያገኘሁት አጥራችን ላይ ነው። እማዬ ወንፊት ልትዋስ ወደ ጎረቤት ወጥታ በመስኮት እመለከታት ነበር። ትጠይቃለች፤ ጎረቤታችን ትመልሳለች። ጎረቤታችን ትጠይቃለች፤ እማዬ ትመልሳለች። ይህ ሁሉ አለቀና ወንፊቱ በአንድ ቃል ተጠየቀ፣ በአንድ ቃል ተሰጠ። ያኔ ገባኝ። ሰዎቻችን ሰላምታውን የሚያረዝሙት ከወዲያ የሚመልስ ስላጡ ነው። ባዶ ቤት ገብቶ «ቤቶች! ቤቶች!» እንደሚል ሰው ናቸው፤ መልስ እስኪሰማ ድረስ ዝም አይልም።

ስለዚህ መግቢያውን ሰላምታ አደረግሁት። «እንዴት ዋላችሁ?» ይልና ዝም ይላል። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይልና ዝም ይላል። «ከብቱስ? ዝናቡስ?» መጨረሻ ላይ «እኛም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በሉ ጭነትዎን ይንገሩኝ» ይላል፤ ጢት። መጀመሪያ ሰሚራ ቀዳችው። ነገር ግን ሰሚራ ዝም ማለት አትችልም፤ ከልጆቹ እስከ ዝናቡ በአንድ ትንፋሽ አደረሰችው። ስለዚህ ያለ ፈቃዴ እኔ ቀዳሁት፤ ማንም እንዳይሰማኝ ጋቢ ተከናንቤ። ድምፄ እንደ ልማዱ ለስለስ፣ ፈራ ተባ ይላል። «ዝናቡስ?» ከሚለው ቀጥሎ፣ ጊዜውን የማያውቀው የጎረቤታችን አውራ ዶሮ ከቀትር በኋላ ሲጮኽ አብሮ ተቀድቷል። እንደገና መቅዳት እንዳይመጣብኝ ብዬ ተውሁት።

ሠራ። ሰዎች ደወሉ፤ ጠየቅኋቸው፣ መለሱ፤ ጠየቁኝ፣ ዝም ብዬ አዳመጥኋቸው፤ ከዚያ ጭነታቸውን በአንድ ቃል ተናገሩ። መልካሙ ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ሲገባ ጡሩምባ እየነፋ በቢሯችን አጠገብ አለፈ። በድምፄ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተወደደው ግን ዝም ያልሁባቸው ቦታዎች እንደሆኑ ሰሚራ ከገበያ ሰምታ መጣች። ሰው ታስጨርሳለች፣ አታቋርጥም፣ ይህች ልጅ ያደገች ናት ይባላል አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ምነው ዝም አልሽ?» እየተባልሁ ለኖርሁት ለእኔ ይህ እንግዳ ነገር ነበር።

ሆኖም የሰው መውደድ የስልክ መስመር ኪራይ አይከፍልም። ቁጠባችን ተሟጠጠ። በዚያው ሰሞን ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅቶችን የሚደግፍ አንድ ተቋም ማመልከቻችንን ተቀብሎ ገምጋሚዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ደባርቅ መጥተው እንደሚያዩን አስታወቀን። አባዬ ደግሞ ከግብርና ቢሮ ጡረታ የወጣ፣ ነገር በልክ የሚወድ ሰው ነው። ጎንደር አጎቴ ዘንድ ሥራ ተገኝቶልኛል። አባዬ የወሰነው ይህን ነው፤ እነዚህ ሰዎች እሺ ካሉ እሰየው፤ እምቢ ካሉ ግን ኮምፒውተሩ ተነቅሎ ድንቹ ይመለሳል፣ እኔም ጎንደር እገባለሁ። ተስማማሁ፤ ወይም ዝም አልሁ፤ በእኛ ቤት ሁለቱ አንድ ናቸው።

ሰሚራ አትፍሪ አለችኝ። ንግግሩን እኔ አደርጋለሁ፤ አንቺ ከጎኔ ቁሚ፤ ለምስክርነትም በአገልግሎቱ የሚጠቀሙ ገበሬዎች አመጣለሁ አለች። ዓርብ ለዘመድ ጉዳይ ዳባት ሄደች። ቅዳሜ በማለዳ ደወለች፤ ገበሬዎቹን ይዛ ሚኒባስ ውስጥ ናት፣ ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ አልነሳም ብሏል።

ስልኩን ዘግቼ ሳልቀመጥ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት አዛውንቶች ናቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል፤ አንደኛው ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ናቸው። ከፊት የቆሙት፣ በኋላ እንዳወቅሁት አያ ደምለው የሚባሉ የመካነ ብርሃን ሰው፣ የስልኳ ልጅ ቤት ይኸ መሆኑን ጠየቁኝ። ሰሚራ ገበሬዎቹን ከፋፍላ በሌላ መኪና የላከች መሰለኝ። ደስ አለኝ። ከደስታዬ የተነሳ በሕይወቴ ለእንግዳ ብዬው የማላውቀውን ነገር አልሁ።

«ግቡ አባቶቼ፣ ስንጠብቃችሁ ነበር።»

ሦስቱም ተያዩ። አያ ደምለው ብዙ ቤት ለሽምግልና ሄደዋል፤ ይህን የምትል ሙሽራ ግን ገጥማቸው አታውቅም። ይህን እሳቸው ናቸው በኋላ የነገሩኝ። በሰዓቱ እኔ ያየሁት የተገረሙ፣ ትሁት ገበሬዎችን ነው። ወንበር አቀረብሁ፤ አንቀመጥም አሉ። ለመንኋቸው፤ ባለቤቱ መጥቶ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ባለአገር ሰው እንዲህ ጨዋ ነው ብዬ አደነቅሁ። ሦስት አዛውንት ጋቢ አጣፍተው ማልደው መጥተው፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ የደባርቅ ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን ኮምፒውተሩን ከፍቼ የጭነቱ ካርታ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋቸው። ቄሱ አጎንብሰው አዩና ተባረኪ አሉኝ።

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ሦስት የቆሙ ሽማግሌዎችን፣ መካከላቸውም በሕይወቱ አይቶት የማያውቀውን የልጁን ፈገግታ አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ ግን የገምጋሚዎቹ ነገር ያስጨነቀው መሰለኝ። እሱ ደግሞ እኔ ሳላማክረው የራሴን ጋብቻ አደራጅቼ የጨረስሁ መስሎታል። አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ነገር ልንለምን ነው የመጣነው ብለው ሲጀምሩ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ገምጋሚዎቹ ደረሱ።

ሁለት ናቸው፤ አቶ ኤልያስ የሚባሉ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰውና ኮት የለበሰ ወጣት ባልደረባቸው። አባዬ ወንበር አሳያቸው። አንቀመጥም አሉ፤ ከጎንደር ጀምሮ ተቀምጠው ነው የመጡት፣ ወገባቸው ደክሟል። አያ ደምለው ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከቷቸው። እንግዲህ እነዚህም ወጉን የሚያውቁ፣ ጉዳያቸው ሳይሰማ የማይቀመጡ ናቸው። አቶ ኤልያስ ወደ አባዬ ዞረው ስለ ልጅዎ ጉዳይ ነው የመጣነው ሲሉ ደግሞ ጨርሶ ተረጋገጠ። አያ ደምለው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ለመሆኑ ካወቃችኋት ስንት ጊዜያችሁ ነው?»

አቶ ኤልያስ ከተጠቃሚ ጥያቄ ሲመጣላቸው ደስ አላቸው። ማመልከቻዋን ያየነው በቅርቡ ነው አሉ። አያ ደምለው ማመልከቻ አስገብታለች ይላሉ ብለው ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄሱ ስለ ዘመኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጣቱ ባልደረባ ሊያግዝ ፈልጎ ከብዙ አመልካቾች መካከል መርጠናት ነው አለ።

«እኛ ሌላ አላየንም» አሉ አያ ደምለው። «አንድ እሷን ብቻ።»

አቶ ኤልያስ ሳቅ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ድርጅትሽ ምን ችግር ይፈታል ብለው ጠየቁኝ። አፌን ከፈትሁ። አፌ ተከፍቶ ቆየ፤ የወጣ ነገር ግን የለም። ሰሚራ የት ደርሳ ይሆን? በዚህ መካከል አያ ደምለው ለተቀናቃኝ ቦታ ላለመልቀቅ ቃሉን ከእኔ ተቀበሉ። አምና ድንቻቸው መንገድ ዳር በስብሶ እንደቀረ፣ ዘንድሮ ግን ሰላም ብለዋት፣ ያሉበትን ነግረዋት፣ መኪና ደጃቸው እንደመጣ ተናገሩ። ሰው እንደማታቋርጥ፣ ሽማግሌ እንደምታከብር፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር እንደምትጠይቅ ተናገሩ። ዶሮ ሲጮኽ ተነስታ ሥራ ላይ እንደምትሆን፣ ዶሮውን በጆሯቸው እንደሰሙት ጨመሩ። ወጣቱ እየጻፈ ነበር። አቶ ኤልያስ ዓይናቸው በራ፤ በብዙ ቦታ ተጠቃሚ አነጋግሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ምስክርነት ግን አልሰማሁም አሉ። ተፎካካሪ አላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፣ አሁንም እኔን።

«እስከ ዛሬ ጠዋት አልነበረንም» አሉ አያ ደምለው፣ ዓይናቸውን ከኮቱ ሳይነቅሉ።

አቶ ኤልያስ ይህን እንደ ቀልድ ወስደውት ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። እንግዲህ እኛ ወስነናል፤ አዲስ አበባ እንወስዳታለን፤ ቤቱንም ቀለቡንም እኛ እንችላለን፤ እዚያው ትኖራለች አሉ ለአባዬ። አባዬ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልጁስ የታል?» አሉ አያ ደምለው።

«የትኛው ልጅ?» አሉ አቶ ኤልያስ።

«የሚያገባት ነዋ። የኛ የታወቀ ነው፤ አባቱ እኔ ነኝ።»

ክፍሉ ውስጥ የድንቹ ሽታ ብቻ ቀረ። መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው፤ ጋቢያቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ ፊቴ የት እንደሚገባ ጠፋኝ። አቶ ኤልያስ ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ማንም ሊያጋባኝ እንዳልመጣ ምለው ተገዘቱ። አባዬ ወደ አያ ደምለው ዞሮ፣ በስልክ የምትሰሙት እኮ የተቀዳ ድምፅ ነው፣ እሷ አይደለችም አለ። ሽማግሌው ትንሽ ቅር አላቸው።

«ማሽን መሆኑን አጥተነው ነው? ማሽን አባት የለውም። ድምፁ ግን የሰው ነው፣ አባት አለው። እሱን ብለን መጣን።»

አሁን ሳቁ በርዶ የቀረው ጉዳይ ብቻ ሆነ፤ ጉዳዩም እኔ ነበርሁ። አቶ ኤልያስ ደንባችን ነው አሉ፤ ድጋፉን የምንሰጠው አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ከሠራች ነው፤ ካልመጣች አይሆንም። አባዬ ጎንደር ይሻላል፣ ቅርብ ነው አለ። አያ ደምለው ጃናሞራም ከዚህ ሩቅ አይደለም አሉ። ሦስት ሰዎች አንዲት ልጅ በሦስት መንገድ ሊወስዱ ተነሱ። አዲስ አበባ ብሄድ «አለሁ»ን ይዤ እሄድ ይሆናል፣ ነገር ግን ከአገሩ ነጥዬ ነው። ጎንደር ብሄድ ጨርሶ ይዘጋል። ሰሚራ ብትኖር ትናገርልኝ ነበር። ሰሚራ የለችም። ክፍሉ ውስጥ ያልተናገርነው እኔና ሦስተኛው ሽማግሌ ብቻ ነበርን፤ እሳቸው ከገቡ ጀምሮ አንድ ቃል ስላልተነፈሱ በሆዴ ወድጃቸው ነበር።

«እኔ የትም አልሄድም» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። ድምፄ እንደ ልማዱ ፈራ ተባ ይላል፤ ግን አልቆመም።

«አዲስ አበባ ሆኜ ሠርቼው ቢሆን ሰላምታውን እንደ ብልሽት ቆጥሬ ቆርጬ እጥለው ነበር። ቆርጬውም ነበር፤ ሰው ሸሸን። ያስተካከልሁት እዚህ ስላለሁ ነው፤ እማዬን አጥሩ ላይ ስላየኋት ነው፤ ሾፌሩ በራችን ላይ ቆሞ ስለተቆጣን ነው። ከዚህ አንስታችሁ ብትወስዱኝ የምታገኙት ኮድ የምትጽፍ ልጅ ብቻ ነው፤ እንደሷ ያለች እዚያ ሞልታለች። ድጋፉን እፈልገዋለሁ፤ ሳላገኘው ብቀር ሥራው ይዘጋል። ግን እዚህ ሆኜ ነው።»

መልስ የሰጡት አያ ደምለው ናቸው፤ የሰጡትም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ ነው።

«ድምፁ ያው ነው» አሉ ለቄሱ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እንግዲህ ልጅቱ ተናገረች። ነገሩን ለኛ ተዉልን፤ መቼም አንድ ጊዜ መጥተናል።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላይ አላምንም ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገምጋሚዎቹን ግቢው ጥግ ወስደው ይነጋገራሉ፣ ይመለሳሉ፤ አባዬን ይዘው ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። ሁለት ወገን ሳይተያይ እንዲስማማ ማድረግ ሥራቸው ነው። ልጅቱ ከአገሯ አትነቀል፤ ስትፈለግ አዲስ አበባ ትውረድ፣ ሥራዋን ጨርሳ ትመለስ፤ የምታስተምሯትን የሚያስተምር ሰው እናንተ ወደዚህ ላኩ፣ ማረፊያውን አባቷ ይስጥ። አቶ ኤልያስ አለቆቼን ላማክርና በሌላ ቀን አሳውቃለሁ አሉ። አያ ደምለው ስልክ አለዎት አይደል አሏቸው። አቶ ኤልያስ ኔትወርክ የሚያዝበት አጥር ሥር ቆመው ብዙ አወሩ። ሲመለሱ ላባቸውን እየጠረጉ፣ ለአንድ ዓመት፣ ለሙከራ፣ እዚሁ ደባርቅ ሆና ይሁን ተብሏል አሉ። አባዬም የጎንደሩን ሥራ ለአጎቴ እንዲመልስ ተደረገ፤ እንዴት እንዳሳመኑት እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ሁሉም እፎይ ሲል አያ ደምለው ዱላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«የናንተ አለቀ። የኛስ?»

ወጉ አባት ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ እንዲሰጥ ነው። አባዬ ግን ዛሬ አፍ አውጥታለች፣ እሷን ጠይቋት አለና ከነገሩ ወጣ።

«አባቶቼ፣ ክብር ይስጥልኝ» አልሁ። «ልጅዎን አላውቀውም፤ ክፉም አልሰማሁበትም። ግን አሁን ማግባት አላሰብሁም። ቀጠሮ ብሰጣችሁም መልሴ ይኸው ስለሆነ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ አላመላልሳችሁም።»

አያ ደምለው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ቄሱ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ያስቀየምኋቸው መሰለኝ፤ አያ ደምለው ቢቀየሙ ደግሞ ከመካነ ብርሃን የሚደውልልን አይኖርም። ያኔ ሦስተኛው፣ እስካሁን ያልተናገሩት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለእግራችን አዘነችልን» አሉ። «ስንት ቤት ሄደን ለእግራችን ያዘነ የለም።»

አያ ደምለው ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ልጁ ነገሩን ገና እንዳልሰማ፣ በዚህ ከሆነ ሳያውቅ ተርፏል ማለት እንደሆነ ተናገሩ። ጉዳያቸው እንግዲህ ተሰምቶ አልቋልና፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆመው የነበሩት ሰዎች ተቀመጡ። ገምጋሚዎቹም ተቀመጡ። እማዬ ለማን እንዳሰናዳችው ራሷ ያላወቀችውን ምሳ አቀረበች፤ አያ ደምለው አቶ ኤልያስን በእጃቸው አጎረሷቸው።

ግማሽ እንደበላን በሩ ተበርግዶ ሰሚራ ገባች፤ ከኋላዋ ከዳባት ያመጣቻቸው ገበሬዎች አሉ። ቀሚሷ አቧራ ለብሷል፤ ንግግሯን ያዘጋጀችበትን ላፕቶፕ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ማን ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ ስለ መዘግየቷ ይቅርታ ጠይቃ በቃሏ ያጠናችውን ንግግር ጀመረች። አባዬ እጁን አንስቶ አስቆማት።

«ተነግሮ አልቋል ልጄ። ነይ ታጠቢ።»

«ማን ተናገረ?»

አባዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። ሰሚራ ወደ እኔ ዞራ፣ ላፕቶፑን እንዳቀፈች፣ እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ለዚያ ቀን የነበረኝን ቃል ጨርሼ ነበር።